ለእማማ የሻረግ ያላወረድኩት ሙሾ

ልጆቹ ናቸው ተናገሪ ያሉኝ። እኔማ ደጅ ተቀምጬ ምስሬን እየለቀምኩ ነበር። የልጅ ልጄ ቤዛ ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ፣ "ስሙ፣ ስሙ! ቤት ሆኖ የተማረ ልጅ ተመዝኖ ካለፈ፣ ትምህርት ቤት ከዋለው እኩል ይታይ፣ ለትምህርትም ለሥራም እንዳይከለከል የሚል ሕግ ሊወጣ ነው እየተባለ ነው" አለች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ቢያጨበጭቡ አይፈረድባቸውም፤ በዚህ ግርግር ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከከረመ ወዲህ፣ በኛ አገር ያለ ልጅ ሁሉ የቤት ተማሪ ሆኗል። እኔ ግን ሰፌዱን ከጭኔ አውርጄ፣ "ያ ሕግ ወደ ኋላ ያያል?" አልኳት።

"እንዴት ወደ ኋላ፣ እምዬ?"

"ድሮ ለተከለከለች ልጅ ይሠራል ወይ ነው የምልሽ።"

"አይ፣ ሕግ ከወጣ በኋላ ላለው ነው እንጂ።"

"እንግዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል" አልኩና ሰፌዴን መልሼ አነሳሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ! ማን ተከለከለች፣ ማን ከለከላት፣ አንቺስ ምን አደረግሽው እያሉ ተንጫጩብኝ። ቤዛ እስክሪብቶ አመጣችና "አንቺ ተናገሪ፣ እኔ እጽፋለሁ" አለች። እኔ ራሴ ፊደል አልቆጠርኩም። "ይጻፍ እንግዲህ፤ ቂሜ ነውና ግን አንዳች እንዳታጎድይበት" አልኳት። የነፍስ አባቴ ይህን ቂም ተይው ሲሉኝ ስንት ዘመናቸው። እሺ አባ እላለሁ፣ መስቀላቸውን እሳለማለሁ፣ ቂሜን ይዤ ቤቴ እገባለሁ።

ያን ጊዜም ቤታችን እዚሁ ነበር፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ በወግዲ መንገድ፤ ቆርቆሮው ግን አልነበረም፣ ሣር ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ማዶ ነው። እዚያ ለመድረስ ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና አቀበቱን መውጣት ነው። ታላቋ ልጄ በዚያ መንገድ ስትሄድ ተጠለፈች። ደብተሯን ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ አገኘነው፤ እሷን ያገኘናት ሽማግሌ ከተላከ፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ፣ ከከበደች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ትንሿን፣ ስንዱን፣ በዚያ ገደል አልሰድም አልኩ። ሴት ልጅ ያላቸው ጎረቤቶቼም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እኛም አንሰድም አሉ። የባሌ እህት ጥሩወርቅ ደሴ ዘመድ ቤት ተቀምጣ እስከ አስረኛ የደረሰች ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት እኛ ዘንድ ተመልሳ ነበር። "ልጆቹን ወዲህ በሉ፣ እኔ ምን ሥራ አለኝ?" አለች። እንዲህ ሆኖ ነው ጓዳዬ ትምህርት ቤት የሆነው።

የጓዳውን ግድግዳ በእበት ለስነን፣ ሲደርቅ ጥሩወርቅ በነጭ አፈር ትጽፍበታለች። ተጽፎ ተጽፎ ሲቆሽሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው እንደገና ይለስኑታል፤ ሰኞ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እስከ ዛሬ እርጥብ ልስን ሲሸተኝ ሀ ሁ የሚል የልጅ ድምፅ ነው የምሰማው። ሰው አበባ ሸቶት ፍቅሩን ያስታውሳል፣ እኔ እበት ሸቶኝ ልጄን። ደብተር ያን ጊዜ በሃምሳ ሳንቲም ይገዛ ነበር፣ እርሳስ በስሙኒ፤ አንዷን እርሳስ ለሁለት ሰብረን ነበር የምናካፍላቸው። ስንዱ ብጫ የቴትሮን ቀሚስ ነበረቻት፣ ከታች ሰፋ ያለች። መካነ ሰላም ገበያ ካሉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ በረንዳው ላይ ራዲዮ ይሰቅል ነበርና፣ ቀሚሷን ለማሰፋት ስንሄድ ዘፈኑ እስኪያልቅ አንሄድም ብላ ምሰሶውን ታቅፋ ትቆማለች። አንቺ ሆዬ ሲዘፈን ሰውዬው እንኳ የስፌት መኪናውን አቁሞ ነው የሚሰማው። ዛሬ በዚያ በረንዳ ላይ የስልክ ካርድ ይሸጣል። ምሰሶው ግን አለ፤ ባለፍኩ ቁጥር በእጄ መታ አድርጌው ነው የማልፈው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃችን መደብ ላይ አረፍ የሚሉ አንዲት ባልቴት ነበሩ፣ እማማ የሻረግ የሚባሉ። የዚያ የማዶው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ የታምራት እናት ናቸው። ውኃ እንኳ አይጠይቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጆቹን ድምፅ በጓዳው መስኮት ይሰማሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለልጆቹ በመቀነታቸው የቋጠሩትን የሽምብራ ቆሎ ይበትናሉ። "ወንዱን አስተምሬ እኔ እንዲሁ ቀረሁ፤ ጆሮዬ እንኳ ይማር ብዬ ነው" ይላሉ። ልጃቸው ዓለሚቱ ልትወስዳቸው ስትመጣ፣ "ቆይ፣ የጀመሩትን ይጨርሱ" እያሉ ያስቆሟታል።

ስንዱ ዓመታት እንዲህ ተማረች። ጥሩወርቅ የምታውቀውን አሟጣ ከሰጠቻት በኋላ፣ መካነ ሰላም ወስዳ በግል አስመዘገበቻትና የስምንተኛን ፈተና ተፈተነች። አለፈች! ጎረቤቴ ከሚዳ፣ "ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ" እያለች ግንባሯን ስትስማት ሁላችንም አለቀስን። ወዲያው ደሴ ለጤና ረዳትነት የሚሠለጥኑ ልጆች ይፈለጋሉ ተባለ፤ ከኛ ቀበሌ አንድ ቦታ አለ። ስንዱ ከልጅነቷ ሌላ ምኞት አልነበራትም። እህቷ ምጥ ይዟት በቃሬዛ መካነ ሰላም ስትወሰድ አብራ ሄዳ፣ ሐኪም ቤት ያየቻት ባለ ነጭ ልብስ ሴት ልቧ ውስጥ ገብታለች። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ የቅርቡ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተምራለች ብሎ ማህተም የመታበት ወረቀት። ሁለት መስመር ቢጽፍ ይበቃ ነበር።

ያቺን ብጫ ቀሚሷን አልብሼ፣ አዲስ የኮንጎ ጫማ ገዝቼላት ይዣት ሄድኩ። ታምራት ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ በደረት ኪሱ ብዕር ደርድሮ ተቀምጧል። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ እኔ ግን ለወንበሩ ብዬ እርስዎ አልኩት። እሱ አንቺ አለኝ።

"የት ነው የተማረችው?"

"ቤት ነው መምህር። እኔ ጓዳ።"

"ጓዳ!" አለና ወደ ጸሐፊው ዞሮ ሳቀ። ጸሐፊውም አለቃው ስለሳቀ ሳቀ። "እንግዲያ ጓዳው ማስረጃ ይስጣታ! የኔ መዝገብ ላይ የሌለች ልጅ በኔ ማህተም አትሄድም።"

"ፈተናውን አልፋለች እኮ መምህር። ወረቀቱ ይኸው።"

"በቅሎም ገደል ታልፋለች፣ አሰለፈች። መማር ሌላ ነው። ጓዳ የተማረ ለጓዳ ነው የሚሆነው።"

ስንዱ ከኋላዬ ነበረች። ዘወር ብዬ አላየኋትም፤ አዲሱ ጫማዋ ግን ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፣ ወደ በሩ ስታፈገፍግ። እኔም ብድግ አልኩና፣ ድምፄን ሳላሰማ፣ "ደግ፤ እኔና እርስዎ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን" አልኩት። "ማን ሞቶ?" አለ፣ አሁንም እየሳቀ። "እሱን እግዜር ያውቃል" ብዬ ወጣሁ። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ነገሩ እዚያ ቢቀር ምናልባት እኔም እተወው ነበር፤ ጸሐፊው ገበያ ይዞት ወጣ። ስንዱን ያየ ጎረምሳ ሁሉ "የጓዳዋ ምሩቅ መጣች!" ይላል። "ምሩቅ፣ ሽሮው ስንት አገኘ?" ይላታል ጨው ሻጩ። ልጄ ገበያ መውጣት ተወች። እኔ ደግሞ ቀን መጠበቅ ጀመርኩ።

ለቅሶ ላይ ያልኩት በከንቱ አይደለም። እኔ ሙሾ አውራጅ ነኝ፤ ዛሬ ጉልበቴ ደከመ እንጂ፣ ያን ጊዜ እስከ ማሻ፣ እስከ አጅባር በበቅሎ እየመጡ ይወስዱኝ ነበር። በኛ አገር ሙት ሙሾ ካልወረደለት፣ ያለ ወገን እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው፤ ልጆቹ ፊታቸውን የት ያዙሩት! ሌላም ደንብ አለ። ቅሬው፣ እድሩ፣ የሚያውቃት አውራጅ ራስጌ ከተቀመጠች፣ እሷ ሳትጀምር ሌላ ሴት አፏን አትከፍትም። እሷን መድፈር ነው። ይህንን ያስተማሩኝ እናቴ ናቸው፣ ጓዳ፣ ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብለን። "ሟቹን በምን ታውቂዋለሽ? ማን ደጅ ይቀመጥ ነበር? ምን ይወድ ነበር? ከዚያ ጀምሪ" ይሉኝ ነበር። ቤት የመታልኝ እንደሆነ ይስቃሉ፣ የሳትኩ እንደሆነ በዱቄታም እጃቸው ጉንጬን ነካ ያደርጉኛል።

እግዜር ደግሞ ክፉ ነገር አደረገ። የሞቱት እማማ የሻረግ ሆኑ። ጡሩምባው ሲነፋ ስማቸውን ሰምቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ለሳቸው አዘንኩ፤ ቂሜን ግን አላላላሁትም። ከሚዳ መጥታ፣ "አብሽሪ፣ ቅሪ፤ ታማለች እላቸዋለሁ" አለችኝ። ብቀር እኮ ሌላዋ ታወርድላቸዋለች! ለዚህ ነው ማልጄ የሄድኩት። ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ሄጄ ራስጌ ተቀመጥኩ። ዓለሚቱ ፊቷ አብጦ ከጎኔ መጣች። ሴቶቹ ዙሪያዬን ከበው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ከአጅባር የመጣ ዘመድ አለ፣ ከደሴ በመኪና የመጡ ባለ ክራባቶች አሉ፣ የታምራት ባልደረቦች ያ ጸሐፊ ጭምር ባንድ ወገን ቆመዋል። ሁሉም እኔን ይጠብቃል።

የሰው ነገር! እንዲህ ወስኜ ሄጄ፣ አስከሬናቸውን ሳይ ሙሾው ሳልጠራው ጉሮሮዬ ላይ መጣ። እናቴ እንዳስተማሩኝ፣ ከመደቡ ከዚያ ጀመረ።

ሳይጠሯት የመጣች ፊደሉን ልትሰማ፣
ዛሬ ቢጠሯትም መልስ የላት እማማ።

ትንፋሼን ስቤ አፌን ከፈትኩ። እውነት ነው፣ ከፍቼው ነበር። ይኼኔ ዓለሚቱ ከነጠላዋ ሥር እጇን ሰዳ የእጄን አንጓ ጨምድዳ ያዘችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። "ኧረግ! ለወንድሟ ስትል አውርጂ ብላ ልታዝዘኝ?" አልኩ በሆዴ። እልኬ ተመልሶ መጣ። አፌን ገጠምኩ። ሙሾዬን ዋጥኩት፤ ሲወርድ ሁሉ ይታወቀኛል። ባሕር ዛፉ ይንሿሿል፣ ከማዶ አህያ አናፋ። ወንዶቹ መተያየት ጀመሩ። አንዷ ከኋላ፣ "እትዬ አሰለፈች፣ ኧረ ያውርዱ፣ ቄሶቹ ደረሱ" አለች። አልተነቃነቅኩም። በመጨረሻ ታምራት ራሱ ሰው እየገፋ መጣና ፊቴ በርከክ አለ።

"እትዬ አሰለፈች፣ አፈር ስሆን። እናቴ ናቸው እኮ።" እርስዎም ጨመረበት።

"አውቃለሁ። ደጃዬ ይቀመጡ ነበር።"

"እባክዎ፣ በሰው ፊት..."

ያን ጊዜ ድምፄን ለቀቅኩት፤ ሙሾ ሳወርድ ከማዶ የሚሰማውን ድምፄን ነው የለቀቅኩት። "እኔ ሙሾ የተማርኩት ከናቴ ጋር ጓዳ ነው፣ ታምራት! ማስረጃ የለኝም። ማህተም ያላት አልቃሽ ፈልግ!"

ግማሹ ሴት በነጠላው አፉን ያዘ። ለማልቀስ ይሁን ለሳቅ እንጃ። ያ ጸሐፊ መሬት መሬት ሲያይ አይቼዋለሁ። እማማ የሻረግ በቄስ ፍታት ብቻ ተቀበሩ፤ ከዚያ ውጭ የአካፋና የአፈር ድምፅ ብቻ ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ አንጓዬ ላይ የዓለሚቱ ጥፍር አራት ጨረቃ አውጥቶ ነበር። ያን ቀን እራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ሽማግሌ መጣብኝ እንጂ! "ሙት ምን አደረገሽ?" አሉኝ። "ሙትማ ምንም አላደረገችኝ። የስንዱን ወረቀት ያምጣ፣ በተዝካራቸው መሬት እስኪርድ አለቅሳለሁ" አልኳቸው። ሄደው ነገሩት። "በአልቃሽ ተገድጄ ማህተም አልመታም" አለ አሉ። ተዝካሩ አለፈ፣ ሙት ዓመቱ አለፈ። እሱም ማህተሙን፣ እኔም አፌን እንደያዝን ተቀመጥን። በሌላ ለቅሶ አወርዳለሁ፤ የሱ ወገን የሞተ እንደሆነ ግን ማልጄ እሄዳለሁ፣ ራስጌ እቀመጣለሁ፣ ዝም እላለሁ። ኋላ ኋላ ከርቀት ሲያዩኝ ቄሶቹን ቶሎ በሉ ማለት ጀመሩ።

ስንዱ ግን አልጠበቀችም። የአገሩ ልጃገረድ ሁሉ ዓረብ አገር ሲጎርፍ እሷም ጅዳ ሄደች። መናኸሪያው ላይ ጥቁር ልብስ ለብሳ ሳያት አላወቅኳትም፤ የናፍጣው ጭስ ነው ዓይኔን ያስለቀሰኝ ብያት ተለያየን። ነጭ ልብስ ያለመች ልጄ በጥቁር ልብስ የሰው ልጅ ስታሳድግ፣ የሰው ሽማግሌ ስታገላብጥ ጠጉሯ ሸበተ። የተመለሰችው ሁሉም ካረጀ በኋላ ነው። ቆርቆሮ ቤቱን የሠራችው እሷ ናት። ግድግዳውን በብሎኬት ልታደርገው ስትል፣ "የጓዳው አይነካም" አልኳት። አልነካችውም። አሁን ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ነጭ ሰሌዳ ከመካነ ሰላም አስመጥታ በዚያው ግድግዳ ላይ ሰቀለችና የሰፈሩን ልጆች ሰበሰበች። ጥሩወርቅ ይህን ሳታይ አረፈች፤ እሷን እንኳ በደንብ አልቅሼላታለሁ።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ አስከትሎ ደጄ ላይ ቆመ። ያንኑ ቡናማ ኮት ባይለብስ ኖሮ አላውቀውም ነበር። ደረት ኪሱ ውስጥ ብዕር የለም።

"እንዴት ዋሉ እትዬ አሰለፈች" አለ። "የልጄ ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ እንደምታውቂው... እንደሚያውቁት ተዘግቷል። ስንዱ ታስተምራለች ሲሉ ሰምቼ ነው።"

"ተሳስተሃል። እዚህ ጓዳ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ጓዳ የተማረ ለጓዳ ነው አይደል እንዴ? በበቅሎዋ ገደል አሻግራት!"

አንገቱን ደፋ። ልጅቱ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። "ማስረጃ አንሰጥም" አልኩት፣ እየጣፈጠኝ። "ማህተም የለንም። ያለን ቆሎ ነው።" ይህን ሁሉ ዓመት በሆዴ አጠናሁት፤ አንዱም አልጠፋኝም። ከዚያ በላይ ልቀጥል ስል ስንዱ እጇን እየጠረገች ወጣች።

"እማ፣ ይብቃሽ" አለችኝ። ልጅቱን፣ "ስምሽ ማነው? ግቢ፣ ጀምረናል" ብላ ይዛት ገባች። እሱን አላየችውም፤ ሰላምም አላለችውም። ከኔ ቃል ሁሉ ያ ሳይብሰው አይቀርም።

መንገዱ ስለማይታመን ጠዋት ያመጣታል፣ እስክትወጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። እናቱ የተቀመጡበት መደብ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ አናቱን ትመታዋለች። በቤቱ ጀርባ ጥሩ ጥላ አለ፣ አግዳሚም አለ። እኔ አላሳየሁትም። ልጆች፣ አንዳችሁም እንዳታሳዩት ብያለሁ። ያ ሕግ ወጥቶ የሱ የልጅ ልጅ ከጓዳዬ ወረቀት ይዛ ደሴ ብትሄድ፣ ልጅቱን እመርቃታለሁ። ለሱ ግን እስክሞት ድረስ ቂሜን ይዣለሁ፤ ያን ወረቀት ዛሬም አላመጣምና።

ታዲያ በቀደም ለት ታምራት ታሞ ቀርቶ፣ ልጅቱን ያመጣቻት እህቱ ዓለሚቱ ናት። እሷንማ ጥላው ሥር ወሰድኳት። ውኃ ሰጠኋት። እጄን ይዛ አንጓዬን አየች፤ የጥፍሯ ምልክት እስከ ዛሬ አለ ብላ ይሆን እንጃ። ከዚያ ነገረችኝ። እማማ የሻረግ የሞቱ ዕለት ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፣ ታምራትን አጠገባቸው ጠርተው፣ እሷ እየሰማች ተናዘዙ። "ደጃፉ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ ያቺ ልጅ ተምራለች። ወረቀቷን እስክትሰጣት ድረስ አሰለፈች ለኔ እንዳታለቅስልኝ" አሉት።

"ሙሾውን ሊጀምሩ አፍዎን ሲከፍቱ አየሁ" አለችኝ ዓለሚቱ። "እጅዎን የያዝኩት እንዳይጀምሩ ነበር።"